ቅበላ በነሐሴ

ነሐሴ 16 ፍልሰታ ይፈታል። ከዚያ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሰፈራችን ባለሱቆች መስኮታቸውን በጣውላ መምታት ይጀምራሉ። በልጅነቴ ሁለቱ ነገሮች የተያያዙ ይመስለኝ ነበር። ላይ ቤት እናቴ ዶሮዋን ትበልታለች፣ ታች መንገዱ ላይ መዶሻና ሚስማር የያዙ ሰዎች በርና መስኮት ያሽጋሉ።

ለንደን የመጣሁት በሰባት ዓመቴ ነው። ጣውላውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ የመጣልኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ ጦርነት ሊገባ ነው። ግንቦት 1983 አዲስ አበባ ሱቆች ሲዘጉ አይቻለሁና። (ይህቺ አንዷ ብቻ የእኛ አቆጣጠር ናት። ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትጋጩብኝ።)

«ምን ሊመጣ ነው?» አልኳት እናቴን።

«የጥቁሮች ጭፈራ» አለችኝ። እኛ ጥቁር መሆናችን ገና ያልተነገረን ይመስል።

የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል ማለቷ ነበር። በየዓመቱ በኦገስት የመጨረሻው እሁድና ሰኞ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚገመት ሰው ምዕራብ ለንደንን ያጥለቀልቃል። የእኛ አፓርታማ ደግሞ ከሰልፉ መስመር ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚርቀው። እናቴ ለሁለቱ ቀን የሚበቃ አስቤዛ ቅዳሜ ትገዛለች። በር ይዘጋል። ቡፌው ውስጥ ያሉትን የቡና ሲኒዎች እያወጣች በጋዜጣ ትጠቀልላቸዋለች፤ ምክንያቱም የድምፅ ማጉያዎቹ ሲለቀቁ ግድግዳው ራሱ ይንዘፈዘፋል፣ ሲኒዎቹም እርስ በርስ ይጋጫሉ። እኔ ጆሮዬን ወለሉ ላይ አድርጌ እተኛለሁ። ሙዚቃው አይሰማም፣ ምቱ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ከሆድ ውስጥ እንደሚመጣ።

ይሄ ነገር የተቀየረው በስፌት መኪና ነው። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ አንዲት የትሪኒዳድ ሴት ትኖር ነበር፤ ነርስ ናት፣ ማታ ትሠራለች፣ የሰፈሩ ልጆች በሙሉ «አንቲ» ነው የምንላት። አንድ ቀን በራችንን አንኳኳች። እናቴ ስለ ጫጫታው ልትከሰን ነው ብላ ከእኔ ፊት ቆመች። ሴትየዋ ግን «ቀን ቀን ጣሪያዬ ላይ የሚሮጠው የስፌት መኪና ነው አይደል?» አለች። ነው አልናት። እናቴ ለአንድ መጋረጃ ሰፊ ድርጅት ቤት ሆና በቁጥር እየሰፋች ነበር፤ ክፍያው ሁለት ወር ዘግይቶ ነበር። አንቲ ደግሞ የልጆች የካርኒቫል ልብስ የሚሠራ ቡድን ውስጥ ነበረች፣ ሰፊያቸው ታማባቸዋለች፣ ሠላሳ ልብስ በሦስት ሳምንት መድረስ አለበት።

እናቴ ሦስት ቀን አሰበች። በአራተኛው ቀን መኪናዋን ተሸክመን ወረድን።

እነሱ ቦታውን «ማስ ካምፕ» ነው የሚሉት። የማኅበረሰብ አዳራሽ ነው፤ ወለሉ ሙሉ በላባ፣ በሽቦ፣ በስፖንጅና በሚያብረቀርቅ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ ማጣበቂያው ያፍናል። ሽማግሌዎች ሽቦ በጉጠት እያጠፉ የወፍ ክንፍ ያወጣሉ። አንድ ክንፍ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ያየሁት እዚያ ነው። ያ ክንፍ ሁለት ቀን ይለበስና ያበቃለታል፣ የሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጭብጥ ነው፣ ሌላ ልብስ። እናቴን በጣም ያናደዳት ይሄ ነበር። «እንዴት ነው ይሄ ሁሉ ድካም ለሁለት ቀን?» ትላለች። ከዚያ ደግሞ ማንም ሳያዛት የአንዷን ልጅ ቀሚስ ጠርዝ ልክ እንደ ጥበብ አድርጋ ጠለፈችው፤ የሚያየው አልነበረም፣ ከላባው ስር ነው የሚደበቀው።

አንቲ ስትሠራ ታወራለች። ታሪኩን የሰማሁት መጀመሪያ ከእሷ ነው፤ ካደግኩ በኋላ በመጽሐፍ አመሳከርኩት፣ ብዙውን አልተሳሳተችም።

ካርኒቫል ማለት በቃ ቅበላ ነው። ቃሉም ሥጋን ከመሰናበት ጋር ይያያዛል። የካቶሊኮቹ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባሉት ሰኞና ማክሰኞ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨፈራል። ትሪኒዳድ በስፔን እጅ ሳለች በ1783 የወጣ አዋጅ የፈረንሳይ ካቶሊክ ባለርስቶችን ወደ ደሴቷ ጋበዘ። እነሱም ባሮቻቸውንና የጭምብል ግብዣቸውን ይዘው መጡ። ባለርስቶቹ አዳራሽ ውስጥ ጭምብል አድርገው ይደንሳሉ፤ አንዳንዴም የሸንኮራ እርሻ ባሪያ መስለው ይለብሱ ነበር፣ ለመዝናናት። እርሻ ላይ እሳት ሲነሳ ደግሞ ባሮቹ በሌሊት በችቦና በጅራፍ እየተነዱ የሚቃጠለውን ሸንኮራ እንዲቆርጡ ይደረግ ነበር። በፈረንሳይኛው «የተቃጠለ ሸንኮራ» ከሚለው ቃል «ካንቡሌ» የሚባል ነገር የመጣው ከዚህ ነው።

ባርነት በ1834 በሕግ ቀረ፤ ግን «ልምምድ» በሚል ሽፋን ሰዎቹን እዚያው እርሻ ላይ አቆይተዋቸው፣ የምር ነፃ የወጡት ኦገስት 1 ቀን 1838 ነው። ነፃ የወጡት ሰዎች ያንን የእሳት ሌሊት ራሱን ወስደው በዓል አደረጉት። ችቦ ይዘው፣ ከበሮ እየመቱ፣ ዱላ እየተማዘዙ መንገዱን ይሞሉታል። መጀመሪያ የነፃነቱን ቀን እያሰቡ በኦገስት ነበር የሚያከብሩት፤ በኋላ ነው ወደ ቅበላው የተዛወረው። አስቡት፣ የተገረፍክበትን ሌሊት ዞረህ ልብስ አድርገህ ትለብሰዋለህ። ዛሬም በካርኒቫል «ጃብ ጃብ» የሚባሉ ገፀ ባሕርያት ጅራፍ እያጮሁ ይሄዳሉ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሳያቸው ቡሄ ነበር የመሰለኝ። የእኛ ልጆች ጅራፍ የሚያጮሁበት ሳምንት ከለንደኑ ካርኒቫል ጋር ትከሻ ለትከሻ መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው፣ ሌላ ትርጉም አልሰጠውም፤ ግን ያኔ ልቤን ደስ ብሎት ነበር።

እንግሊዞቹ ካንቡሌን አልወደዱትም። በ1881 የፖሊስ አዛዡ ካፒቴን ቤከር ሊያስቆመው ሞከረና ፖርት ኦፍ ስፔን ውስጥ ከሕዝቡ ጋር ተደባደቡ። በ1884 ከበሮውን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሰዉ ቀርከሃ በተለያየ ርዝመት ቆርጦ መሬት እየመታ መጫወት ጀመረ። ከዚያ በ1930ዎቹ የብስኩት ቆርቆሮ፣ የቆሻሻ ገንዳ ክዳን፣ የመኪና ብረታ ብረት መጣ። ትሪኒዳድ ነዳጅ አላት፣ ስለዚህ ባዶ በርሜል ሞልቷል። የበርሜሉን ግንባር በመዶሻ ወደ ውስጥ እየጎደጎዱ፣ እያንዳንዱን ጉብታ ለአንድ ኖታ እየቃኙ ስቲል ፓንን ፈጠሩ። ከበሮ ቢከለከሉ ከነዳጅ በርሜል ፒያኖ አወጡ ማለት ነው። በ1951 አንድ የስቲል ፓን ቡድን ለንደን ድረስ መጥቶ በብሪታንያ ፌስቲቫል ላይ ተጫወተ፤ ከአባላቱ አንዱ ስተርሊንግ ቤታንኮርት እዚያው ቀረ።

የአንቲ ባል የመጣው በ1956 ነው። ያኔ ኖቲንግ ሂል የሀብታም ሰፈር አልነበረም። የተሰነጣጠቁ ቤቶች፣ ለአንድ ክፍል የሚጠየቅ እሳት ኪራይ፣ «ጥቁር አንቀበልም» የሚሉ ማስታወቂያዎች። በ1958 ኦገስት መጨረሻ ላይ ነጭ ወጣቶች ዱላና ብረት ይዘው የካሪቢያን ሰዎችን ቤት ለቤት ማደን ጀመሩ፤ ረብሻው ቀናት ፈጀ። ባልየው ያንን ሳምንት ከሥራ ሲመለስ ጫማውን አውልቆ ይሮጥ እንደነበር ይነግራት ነበር፣ ኮቴው እንዳይሰማ።

እዚህ ላይ ክላውዲያ ጆንስ ትገባለች። የፖርት ኦፍ ስፔን ተወላጅ ናት፣ በልጅነቷ ኒውዮርክ ሄደች፣ ኮሚኒስት ሆነች፣ ታሰረች፣ በ1955 ከአሜሪካ ተባረረች። ለንደን ብሪክስተን ላይ «ዌስት ኢንዲያን ጋዜት» የሚባል ጋዜጣ አቋቋመች። ከረብሻው ከአምስት ወር በኋላ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1959፣ በዚያ ብርድ፣ በሴንት ፓንክራስ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ውስጥ የካሪቢያን ካርኒቫል አዘጋጀች፤ ቢቢሲ በቴሌቪዥን አስተላለፈው። የፕሮግራሙ ጽሑፍ ላይ ከሽያጩ ገቢ የተወሰነው በረብሻው የተቀጡ ወጣቶችን ቅጣት ለመክፈል እንደሚውል ተጽፏል፤ ጥቁርም ነጭም ወጣቶች። ይህቺን «ነጭም» የምትለዋን ነገር ብዙ ሰው ይዘላታል። እኔ ሳነባት መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

አራት ወር ሳይሞላ፣ ሜይ 17 ቀን 1959፣ ከአንቲጓ የመጣ ኬልሶ ኮክሬን የተባለ አናጺ ሳውዛም ስትሪት ላይ በስለት ተወግቶ ሞተ። 32 ዓመቱ ነበር። በግድያው የተፈረደበት ሰው እስከ ዛሬ የለም። ቀብሩ ላይ ከሺህ በላይ ሰው ወጣ፣ የአንቲ ባልም እዚያ ነበር።

በ1966 ደግሞ ሮን ላስሌት የምትባል የሰፈሩ የማኅበራዊ ሥራ ሠራተኛ ለልጆች የመንገድ ላይ በዓል አዘጋጀች፤ አይሪሹም፣ ስፔኑም፣ ዩክሬኑም፣ አፍሪካዊውም፣ ካሪቢያኑም እንዲተዋወቅ ብላ። ራስል ሄንደርሰን የሚባል የትሪኒዳድ ሙዚቀኛ ከነቡድኑ ተጋብዞ ነበር። ፓኑን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ተነስተው መንገዱን መዞር ጀመሩ። ሰው ተከተላቸው። ሴቶች ከየመስኮቱ ያንን የአገራቸውን ድምፅ ሲሰሙ ወጡ። ዙሩ ያ ነው፣ እስከ ዛሬ አልቆመም።

ስለዚህ መሥራቿ ማን ናት የሚለው ክርክር በየዓመቱ ይነሳል። አንዱ ጆንስ ይላል፣ ሌላው ላስሌት። እኔ ከአንቲ ጋር ነኝ፦ «አንዷ አዳራሽ ከፈተች፣ አንዷ መንገድ ዘጋች፣ ቆርቆሮውን የመታው ግን ሄንደርሰን ነው» ትል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። በ1973 ሌስሊ ፓልመር የሚባል የትሪኒዳድ ሰው ነገሩን አሰፋው፤ የልብስ ቡድኖቹን አበዛ፣ የጃማይካኖቹን የድምፅ ማጉያ አስገባ፣ መስመሩን አረዘመ። ሲኒዎቻችንን የሚያንቀጠቅጠው የእሱ ሐሳብ ነው እንግዲህ። በ1976 ወደ 3,000 ፖሊስ ተሰማራ፣ ሰፈሩ በድንጋይ ተናጠ፣ ከ100 በላይ ፖሊሶች ተጎዱ። አንቲ ያንን ሌሊት ተረኛ ነበረች። «የፖሊሱንም የልጁንም ቁስል ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱም እናታቸውን ነበር የሚጠሩት» አለችን። ግን 1976 ከመሬት አልበቀለም። ኦል ሴንትስ ሮድ ላይ ፍራንክ ክሪችሎው በ1968 የከፈተው ማንግሮቭ የሚባል ምግብ ቤት ነበር፤ ፖሊስ ደጋግሞ ይፈትሸዋል። ሰፈርተኛው በ1970 ሰልፍ ወጣ፣ ዘጠኝ ሰዎች ተከሰሱ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከ55 ቀን ችሎት በኋላ ዘጠኙም ሁከት ከማነሳሳቱ ዋና ክስ ነፃ ወጡ። ዳኛውም በሁለቱም ወገን የዘር ጥላቻ እንዳለ በአደባባይ ተናገሩ። የማንግሮቭ ስም ዛሬም በስቲል ባንዱ ይጠራል።

እናቴ ከካምፑ አልፋ መንገድ ላይ የወጣችው በሁለተኛው ዓመት ነው፣ 1995። እኔ ቢጫ ክንፍ ለብሻለሁ፣ እሷ መርፌና ክር ወገቧ ላይ አስራ ከጎኔ ትሄዳለች፤ የሚቀደድ ካለ ልትሰፋ። አንድ ትልቅ የድምፅ ማጉያ አጠገብ ስንደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ከላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፣ መሀሉ ላይ ጃንሆይ። ወንድሟ ተማሪ ሆኖ «መሬት ለአራሹ» ብሎ ሰልፍ የወጣ ነው። «እዚህም አሉ?» አለች፣ ለንጉሡ በአክብሮት፣ በንዴትም። ፀጉሩን የጎነጎነ ሽማግሌ ከየት እንደሆንን ጠየቀን፤ «ኢትዮጵያ» ስል ኮፍያውን አውልቆ ለእናቴ አጎነበሰላት። ምን እንደምታደርግ ጨነቃት። መርፌዋን ያዘች።

ማታ ይሄን ለአንቲ ስነግራት ሳቀች። ከዚያ አባቷን አነሳች። ፖርት ኦፍ ስፔን ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር። ጣሊያን በ1935 ሊወርረን ሲመጣ የወደቡ ሠራተኞች የጣሊያን መርከብ አናራግፍም ብለው እምቢ አሉ። የቀን ሠራተኛ ናቸው፣ ካልሠሩ አይበሉም። በሚቀጥለው ዓመት የካሊፕሶ ዘፋኞቹ ታይገርና ላየን ሙሶሊኒን እየወረፉ ዘፈኑ፤ የታይገር «ጎልድ ኢን አፍሪካ» ሰውየው አፍሪካ የመጣው ለወርቋ ነው ባይ ነው። እዚሁ ለንደን ደግሞ ሲ.ኤል.አር. ጄምስና ኤሚ አሽዉድ ጋርቬይ በ1935 ለአቢሲኒያ የቆመ ማኅበር መሥርተው ነበር። ያቺው ኤሚ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ከክላውዲያ ጆንስ ጎን ትገኛለች።

እናቴ ይሄን ስተረጉምላት ዝም አለች። «አባትዋ ደመወዙ ተቆርጦበት ነው ማለት ነው?» አለችኝ ቆይታ። ጠየቅኳት፤ አዎ፣ አለች አንቲ። እናቴ ተነስታ ቡና ቆላች። የጥቁሮች ጭፈራ የሚለውን ከዚያ በኋላ ስትል አልሰማኋትም።

እኔ ግን አደግኩና ተበላሸሁ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ክንፍ መልበስ አሳፈረኝ። ጋዜጣው በየዓመቱ ማክሰኞ ስንት ሰው እንደታሰረ ይጽፋል፤ እኔም ቆጣሪ ሆንኩ። ስለ ካርኒቫሉ በጋዜጣ አፍ ማውራት ለመድኩ። አንድ ጊዜ «ወደ ሃይድ ፓርክ ቢያዛውሩት ምናለ» ብዬ በአንቲ ፊት ተናገርኩ። እሷ ላባ እየለጠፈች ነበር፣ ቀና አላለችም። «ፓርክ ውስጥ ማንም አሯሩጦን አያውቅም» አለች። ያኔ አልገባኝም። ባሏ ጫማውን አውልቆ የሮጠበት መንገድ ላይ ነው በክንፍ የምትሄደው፤ ሣር ላይ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው፣ ኮንሰርት። በዚያ ላይ ሰፈሩ ከእጃቸው እየወጣ ነበር። የ1958ቱ የተሰነጣጠቁ ቤቶች ሚሊዮን ፓውንድ ገቡ፤ ጣውላ የሚመቱት አዲሶቹ ባለቤቶች ናቸው፣ ለሁለቱ ቀን ወደ ገጠር ቤታቸው ይሄዳሉ። የካሪቢያኖቹ ልጆች ከሩቅ በባቡር እየመጡ ነው በአያቶቻቸው መንገድ ላይ የሚጨፍሩት።

ጁን 14 ቀን 2017 ሌሊት የግሬንፌል ሕንፃ ተቃጠለ፤ ከእኛ ቤት በእግር ሩቅ አይደለም። 72 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች አሉበት፣ ክርስቲያንም እስላምም። ክረምቱን ሙሉ ከአንዱ ለቅሶ ቤት ወደ ሌላው ነበር የምንሄደው። ካርኒቫሉ ይቅር፣ ወደ ሌላ ቦታ ይሂድ የሚል ሐሳብም ተነሳ። ይሄኔ ነው እናቴና አንቲ በሃያ ምናምን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የተጣሉት።

«ለቅሶ ባለበት ሰፈር ከበሮ አይመታም» አለች እናቴ። እንግሊዝኛዋ ተሻሽሎ ነበር፣ አስተርጓሚ አልፈለገችም።

«እኛ መቼ ነው ያለ ለቅሶ መተን የምናውቀው?» አለች አንቲ።

እናቴ መኪናዋን ዘጋች። አሥር ቀን አልተነጋገሩም። እኔ በመሀላቸው ደረጃ ስወጣና ስወርድ ሁለቱም ልክ መሰሉኝ፣ አሁንም እንደዚያው ነኝ። ለእናቴ ያስታወስኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአያቴን ለቅሶ ራሷ ነች የነገረችኝ፣ በሜዳው ላይ ሲፎከር፣ ፈረሱ በልብሱ ተሸልሞ ሲመጣ። «እሱ ሌላ ነው» አለችኝ። ምኑ ሌላ እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ቅዳሜ ማታ ማንንም ሳታናግር መኪናዋን ከፍታ አረንጓዴ ጨርቅ መቁረጥ ጀመረች፤ የግሬንፌል ማስታወሻ ቀለም አረንጓዴ ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ልክ 9 ሰዓት ላይ ድምፁ ሁሉ ቆመ። ማጉያዎቹ፣ ፓኖቹ፣ ፊሽካዎቹ። በሕይወቴ ያንን ሰፈር በካርኒቫል ቀን ፀጥ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፣ ከላይ ሄሊኮፕተር። ላባ የለበሱ ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል፣ ላባው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። እናቴ ነጠላዋን መስቀለኛ አድርጋ አንቲ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ማን ቀድሞ እንደመጣ አላየሁም። ደቂቃው ሲያልቅ ከሩቅ አንድ ፓን ጀመረ።

በ2020ና በ2021 በኮሮና ምክንያት ካርኒቫል አልነበረም። አንቲ ያረፈችው በሁለቱ መሀል፣ ክረምት ላይ ነው። ቀብሯ ላይ የተፈቀደልን ጥቂት ሰው ብቻ ነበርን፣ መዘመር እንኳ ክልክል ነበር። ቁም ሣጥኗ ላይ የነበረውን የሽቦ ክንፍ ልጇ ለእናቴ ሰጠቻት፤ እኛ ሳሎን፣ ከቡፌው አናት ላይ ነው ያለው፣ አቧራ ይይዛል።

በ2022 ግንቦት ላይ ስልክ ተደወለ። ካምፑ ነው፣ አዳራሹ ሊከፈት ነው፣ አርባ የልጆች ልብስ አለ፣ ትችያለሽ ወይ ይላሉ። እናቴ ስልኩን በእጇ ከድና ወደኔ ዞረች።

«አርባ ነው የሚሉት። በድሮው ዋጋ ከሆነ አልሠራም በያቸው።»